የበርሚንግሃም ልጅ ለማን ይሙት?

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቁልቁል የሚወርደውን ጎዳና አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቸርችል ነው። ታክሲ ውስጥ «ፖስታ ቤት ወራጅ አለ!» የሚለው ተሳፋሪ ጎዳናው በማን ስም እንደተሰየመ ቆም ብሎ አያስብም፤ ሥራ ረፍዶበታል። ከዚያው ጎዳና ትንሽ ገባ ሲባል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ጥቁር አንበሳ ከማይጨው በኋላ በምዕራብ ኢትዮጵያ ጣሊያንን ለመውጋት የተሰባሰቡ የጦር መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች ማኅበር ስም ነበር። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የሁለቱ ስሞች ጉርብትና ሐሳብ ላይ ይጥለኛል። ጎዳናው የተሰየመለት ሰው በሴፕቴምበር 1935፣ የጣሊያን ጦር መረብን ከመሻገሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ለንደን ውስጥ ለፓርቲው ሰዎች ባደረገው ንግግር ኢትዮጵያ በሠለጠኑ መንግሥታት ማኅበር ውስጥ እኩል አባል ልትሆን የምትበቃ አገር አይደለችም ብሎ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቸርችልን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሳው። ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ የረዳውም እሱው ነው። የማነሳው በምዕራቡ ዓለም ጦርነት በመጣ ቁጥር አብሮ የሚመጣ አንድ የቆየ ክርክር ስላለ ነው። ወግ አጥባቂ ዐምደኞች አንዱን መሪ «ቸርችል»፣ ሌላውን «ቼምበርሌን» ይሉታል። ሙኒክ የሚለው የከተማ ስም በእነሱ አፍ ስድብ ከሆነ ሰንብቷል። ቨርጂኒያ ወይም ለንደን ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚከፍት ወገናችን ይህን ሲሰማ የሰው ታሪክ የሚሰማ ይመስለዋል። ግን ክርክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት የተፈተነው በእኛ ላይ ነው፤ ያኔ የተሰጠውም መልስ «አያገባንም» የሚል ነበር።

ወግ አጥባቂ ሲባል በጦርነት ጉዳይ አንድ ሐሳብ ያለው ወገን የሚመስለው ብዙ ነው። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አሮጌ ናቸው። የአንደኛው ወገን እምነት እኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» ከምንለው ጋር አንድ ነው፤ ጉልበተኛ የመጀመሪያውን ደካማ ሲውጥ ዝም ከተባለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይደግማል፣ በኋላ የሚከፈለው ዋጋ አሁን ከሚከፈለው ይበልጣል ይላል። የሁለተኛው ወገን ደግሞ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ይመስላል፤ የመንግሥት ግዴታ ለገዛ ሕዝቡ ነው፣ የድሃ ልጅ በማያውቀው አገር ስም መሞት የለበትም፣ ጦርነት ግብር ያበዛል፣ መንግሥትን ያፋፋል፣ ወግ አጥባቂ የሚጠብቀውን የቤት፣ የሰፈርና የቤተ ክርስቲያን ሕይወት ያፈርሳል ይላል። አንዳቸውም ሞኝ አይደሉም። ሁለቱም በአንድ ፓርቲ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ለዚህ ከሊዮ ኤሜሪ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ኤሜሪ ከበርሚንግሃም የተመረጠ የወግ አጥባቂ ፓርቲ የምክር ቤት አባል፣ የቀድሞ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር፣ ለብሪታንያ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት የተሟገተ ሰው ነበር። በ1935 በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ይጣል አይጣል ሲባል ለመራጮቹ የተናገረው አጭር ነው፤ ለአቢሲኒያ ብዬ አንድም የበርሚንግሃም ልጅ ለሞት አልልክም አለ። ይህን ሰው ልብ እንበለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የዚያን ዓመት የእንግሊዝ አገር ውስጥ ፖለቲካ ሳይታወቅ የኢትዮጵያ ጉዳይ እንዴት እንደከሸፈ አይገባም። በጁን 1935 «የሰላም ድምፅ» የተባለ አገር አቀፍ መጠይቅ ውጤት ወጣ። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መልስ ሰጥቶበታል። ወራሪ አገር በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይቀጣ ያለው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው፤ አስፈላጊ ከሆነ በጦርም ይቁም ያለው ከ6 ሚሊዮን ይበልጣል። ወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ቦልድዊን ምርጫ እየተቃረበበት ነበር፤ ይህን ቁጥር ችላ ሊለው አይችልም። በሴፕቴምበር 11 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ጄኔቭ ላይ ቆሞ ብሪታንያ ለመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን ጸንታ ትቆማለች አለ። አዳራሹ ተደነቀ። አዲስ አበባም ሰማች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባች፤ በኖቬምበር 14 እንግሊዝ ውስጥ ምርጫ ተካሄደ፤ የቦልድዊን ጥምር መንግሥት ለማኅበሩ እታገላለሁ ብሎ ከ400 በላይ መቀመጫ ይዞ አሸነፈ።

ምርጫው ካለፈ አንድ ወር እንኳ አልሞላም። ሆር ለእረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሲሄድ ፓሪስ ላይ ወረደና ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋር ካርታ ዘረጋ። ዲሴምበር 8 ቀን 1935 የተስማሙበት ይህ ነው፦ ጣሊያን ከትግራይና ከኦጋዴን መሬት ትወስዳለች፤ በደቡብ ሰፊ አገር የኢኮኖሚ ሙሉ መብት ይሰጣታል፤ በምላሹ ኢትዮጵያ ወደ አሰብ የሚያደርስ ጠባብ መተላለፊያ ታገኛለች። የተወረረችው አገር አካሏን ቆርጣ ለወራሪው እንድትሰጥ፣ ካሳውም አንድ የበረሃ መንገድ እንዲሆን ማለት ነው። ወሬው በማግስቱ በፓሪስ ጋዜጦች አፈተለከ። ለመንግሥት ቅርብ የነበረው ዘ ታይምስ ሳይቀር መተላለፊያውን «የግመል መሄጃ» ብሎ በርእሰ አንቀጹ አወገዘው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ደጋግሜ ማሰብ እወዳለሁ። መንግሥትን ያናወጡት ተቃዋሚዎች ብቻ አልነበሩም። ወግ አጥባቂ መራጮች፣ ከወር በፊት ለቦልድዊን ድምፅ የሰጡ ሰዎች፣ ለተወካዮቻቸው ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ አዘነቡባቸው። የተመረጣችሁት በዚህ ቃል አልነበረም አሉ። ሆር በረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ አፍንጫውን ሰብሮ ነበር፤ በፕላስተር እንደታሸገ ለንደን ተመልሶ በዲሴምበር 18 ሥልጣኑን ለቀቀ። ቦታው ለወጣቱ አንቶኒ ኤደን ተሰጠ። ለጥቂት ቀናት ተራው የእንግሊዝ ሰው ለእኛ ሲል የገዛ መንግሥቱን አስደነገጠ። ይህን ውለታ መርሳት ተገቢ አይመስለኝም።

ነገር ግን ዕቅዱ ተጣለ እንጂ ፖሊሲው አልተለወጠም። ከኖቬምበር 18 ጀምሮ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም፤ የሱዌዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቀረ። ለምን ሲባል የወግ አጥባቂዎቹ ክርክር ክብደት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የባሕር ኃይል አዛዦች በሜዲትራኒያን ጥቂት መርከቦች እንኳ ቢሰምጡ ለጀርመንና ለጃፓን በር ይከፈታል ብለው ሰጉ። የማልታ የአየር መከላከያ ደካማ ነበር። ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ከሂትለር ጎን ላለመግፋት ትሽኮረመም ነበር። አሜሪካ በኦገስት 31 የገለልተኝነት ሕግ አውጥታ ከነገሩ ራቀች። የሎርድ ሮዘርሚር ዴይሊ ሜይል በግልጽ ለጣሊያን አደላ፤ ወደ አዲስ አበባ የላከው ዘጋቢ ደራሲው ኢቭሊን ዎ ነበር፤ እሱም ልቡ ከወራሪው ጋር ነበረ። በዚያው ከተማ የዘ ታይምሱ ጆርጅ ስቲር ግን ያየውን ሳይሸሽግ ይጽፍ ነበር። የእንግሊዝ ወግ አጥባቂ አንባቢ ስለ አንድ ጦርነት ሁለት የማይገናኙ ወሬዎች እያነበበ ቁርሱን ይበላ ነበር ማለት ነው።

ማይጨው፣ የሰናፍጭ ጋዝ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስደት፤ ይህን የእኛ አንባቢ ያውቀዋልና አልደግመውም። በጁን 10 ቀን 1936፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ከመናገራቸው ሃያ ቀን በፊት፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሌን ማዕቀቡ ይቀጥል ማለት የበጋ እብደት ነው ብሎ ተናገረ። የራሱን መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንኳ አላማከረም። በጁላይ ማዕቀቡ ተነሣ።

ቼምበርሌን በሜይ 1937 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ጣሊያንን የማባበሉ ሥራ ተፋጠነ። ኤደን በዚህ አልስማማም ብሎ በፌብሩዋሪ 1938 ለቀቀ። በኖቬምበር 16 ቀን 1938 የብሪታንያ መንግሥት የጣሊያኑን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ዕውቅና ሰጠ። ቼምበርሌን ከሂትለር ጋር ያደረገው የሙኒክ ስምምነት ከዚህ በፊት በሴፕቴምበር መጨረሻ ተፈርሞ ነበር፤ ዐምደኞች ሁሉ የሚያውቁት እሱን ነው። የኖቬምበሩን የሚያስታውስ የለም።

የዚያ ዕውቅና ትርጉም የታየው ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በሚባል ቤት በስደት ይኖሩ ነበር። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ ለኢትዮጵያ የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ሊከፍለው የሚገባ ገንዘብ ስለነበረ ለንደን ላይ ከሰሱ፤ በመጀመሪያው ችሎትም ረቱ። ነገሩ በይግባኝ ላይ ሳለ የኖቬምበሩ ዕውቅና መጣ። በዲሴምበር የይግባኙ ችሎት፣ መንግሥታችን የኢትዮጵያ ገዥ ብሎ የሚያውቀው የጣሊያንን ንጉሥ ስለሆነ የአገሪቱ ንብረት መብትም ወደ እሱ አልፏል ብሎ ፈረደ። ማባበል የሚሉት ነገር ከከፍታው ወርዶ አንድ ስደተኛ ንጉሥ የሚጠብቀውን ገንዘብ ሲነጥቅ ይህን ይመስላል።

አሁን ወደ ኤሜሪ ልመለስ። ሜይ 7 ቀን 1940። የእንግሊዝ ጦር በኖርዌይ ተሸንፎ እየወጣ ነው። ምክር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አድሚራል ሮጀር ኪስ፣ እሱም ወግ አጥባቂ፣ ሙሉ የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ኒሻኖቹን ደርድሮ መጥቶ የባሕር ኃይሉን አመራር ነቀፈ። ኤሜሪ የቼምበርሌን የፓርቲ ወንድም ብቻ አይደለም፤ የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም የበርሚንግሃም ተወካዮች፣ የብዙ ዘመን ወዳጆች። ያ ሰው ተነሥቶ በ1653 ኦሊቨር ክሮምዌል ያንኑ ፓርላማ ሲበትን ተናገረው የተባለውን ቃል በገዛ መሪው ፊት ደገመው፤ በቂ ነው፣ በእግዚአብሔር ስም ሂዱልን። ወዳጅ ለወዳጁ ይህን ሲናገር የነበረውን ጸጥታ ለመገመት ምክር ቤት መግባት አያስፈልግም፤ በሰርግ ቤት ሽማግሌ ተነሥቶ ልጁን በሰው ፊት ሲረግም እንደሚሆነው ነው።

በማግስቱ ድምፅ ተሰጠ። መንግሥት 281 ለ200 አሸነፈ። ከ200 በላይ የነበረው ብልጫ ወደ 81 ወረደ፤ 40 ያህል የመንግሥት ደጋፊዎች ከተቃዋሚ ጋር ቆሙ፣ ብዙዎች ደግሞ ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ቼምበርሌን በቁጥር አሸንፎ በክብር ተሸነፈ። ሜይ 10 ጀርመን ሆላንድንና ቤልጂየምን ወረረች፤ በዚያው ምሽት ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ዐምደኞች ከዚህ ታሪክ የሚያወጡት ቸርችልን ነው፤ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ቸርችል የወጣበት የኖርዌይ ውድቀት የእሱም ነበር፤ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ እሱ ነበረና። ሜይ 13 ምክር ቤት ሲገባ የወግ አጥባቂው ወንበር በዝምታ ተቀበለው፤ ያ ወገን በጭብጨባ የተነሣው ለቼምበርሌን ነው። ፓርቲው ቼምበርሌንን እስከ ኦክቶበር ድረስ መሪው አድርጎ አቆይቶታል። ቸርችልን ብቸኛና ሙሉ ጀግና ያደረገው የኋላ ዘመን ትረካ ነው። በዚያው ሜይ መጨረሻ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ በሙሶሊኒ በኩል የሰላም መንገድ እንሞክር ሲል የጦር ካቢኔው ለሦስት ቀን ተከራክሯል። ሙሶሊኒን ለማስደሰት አዲስ አበባ ተሰጥታ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላ ምን ይሰጠው የሚለው ነበር በጠረጴዛው ላይ። ቸርችል እምቢ አለ። በጁን 10 ሙሶሊኒ ጦርነት አወጀ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ በምሥጢር በአውሮፕላን ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ካርቱም ተላኩ።

የበርሚንግሃሙ ልጅስ? አልዳነም። ለአቢሲኒያ አልተላከም፤ ግን በዳንከርክ፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በበርማ ሞተ። ቤቱ የቀሩትንም ጦርነቱ ፈልጎ አገኛቸው፤ የጀርመን አውሮፕላኖች በበርሚንግሃም ላይ ባዘነቡት ቦምብ ከ2,000 በላይ ነዋሪዎች አልቀዋል። ማዕቀቡ ነዳጅን ቢነካ፣ ቦዩ ቢዘጋ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር ብሎ የሚምል ሰው አይደለሁም። ኤሜሪ ግን ልጁን አድናለሁ ብሎ የመከረው ምክር ልጁን አላዳነውም፤ ይህን ራሱ ኤሜሪም በ1940 ያወቀው ይመስለኛል።

ቸርችል በጁላይ 1945 ምርጫ ተሸነፈ። ሌበር 393 መቀመጫ ወሰደ። ሕዝቡ የጦርነት መሪውን አመስግኖ ለሰላም ዘመን ቤትና ሐኪም ቤት የሚሰጠውን መረጠ። ከዚህ በኋላ ለወግ አጥባቂው ወገን ያቺ 1940 እንደ ታቦት ሆነች፤ በክፉ ቀን ሁሉ ትወጣለች።

ከሁሉ የከፋ ስሕተት የሠራው 1935ን በገዛ ዐይኑ ያየው ኤደን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1956 ናስር የሱዌዝን ቦይ ሲወርስ፣ ኤደን በግብፁ መሪ ፊት ላይ ሙሶሊኒን አየ። ለአይዘንሃወርም እንዲያ እያለ ጻፈለት። ፓርቲው ውስጥ ይገፋፉት ከነበሩት መካከል የኤሜሪ ልጅ ጁሊያን ኤሜሪ አንዱ ነበር። ብሪታንያና ፈረንሳይ ከእስራኤል ጋር ተመሳጥረው ገቡ። የሪፐብሊካኑ አይዘንሃወር መንግሥት ፓውንድን አንቆ ያዘባቸው፤ በኖቬምበር 6 ተኩስ ቆመ፤ ኤደን በጃንዋሪ 1957 ለቀቀ። ለእኛ ያን ጊዜ መዘጋት የነበረበት ቦይ ከሃያ ዓመት በኋላ በስሕተት ሰዓት፣ በስሕተት ጠላት ላይ ጦር ተመዘዘበት። ሰው ከታሪክ ሲማር ያልተደረገውን ዘግይቶ ለማድረግ ይቸኩላል።

ታቸር በ1982 በፎክላንድ ስትዋጋ 255 የብሪታንያ ወታደሮች ሞቱ፤ በቀጣዩ ዓመት ምርጫ 397 መቀመጫ አገኘች። ኢኮኖሚው ማንሠራራቱም የተቃዋሚው መከፋፈልም ረድቷታል፤ ዐምደኞቹ ግን ለጦርነቱ ሰጡት። ቦሪስ ጆንሰን ስለ ቸርችል መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በሁለተኛው ወር ኪየቭ ድረስ ሄዶ በመንገዶቿ ተራመደ፤ ዩክሬናውያን እስከ ዛሬ ይወዱታል። አገር ቤት ግን የወረርሽኙን ደንብ በመሥሪያ ቤቱ በተደረጉ ግብዣዎች ጥሷል ተብሎ ፓርቲው ይታመስ ነበር። የስኮትላንድ ወግ አጥባቂዎች መሪ ዳግላስ ሮስ ጆንሰን ይውረድ ብሎ ያስገባውን ደብዳቤ ጦርነት ነውና ብሎ መለሰው። ደጋፊዎቹ «በጦርነት መሀል መሪ አይቀየርም» አሉ። ተቃዋሚዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ በ1916፣ ቼምበርሌን በ1940 በጦርነት መሀል ተቀይረዋል ብለው መለሱላቸው። በታሪክ ሚዛን ትክክሎቹ እነዚህኞቹ ነበሩ። በጁን 6 ቀን 2022 በፓርቲው ውስጥ 211 ለ148 ድምፅ አገኘ፤ እንደ ቼምበርሌን በቁጥር አሸነፈ፣ በወሩ ለመልቀቅ ተገደደ።

አሜሪካ ላይ ክርክሩ ረዘም ያለ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ «የራሷ እያረረባት» የሚለው ወገን ሥሩ ጠልቋል። በ1940 የተቋቋመው «አሜሪካ ትቅደም» ማኅበር 800,000 ያህል አባላት ነበሩት፤ ፐርል ሃርበር በተመታች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበተነ። ሴናተር ሮበርት ታፍት በ1949 የኔቶን ስምምነት በድምፁ ተቃወመ። ከዚያ በኋላ የቀዝቃዛው ጦርነት ፍራቻ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር አኖራቸው። በ1955 ዊሊያም በክሊ ያቋቋመው ናሽናል ሪቪው የኮሙኒዝም ተቃዋሚዎችን፣ የነጻ ገበያ ሰዎችንና ሃይማኖተኞችን ያሰባሰበ መጽሔት ነበር። የሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ጣሪያው ተነሣ። በ2002 ፓት ቡካናን ከባልንጀሮቹ ጋር ሌላ መጽሔት አቋቁሞ የኢራቅን ጦርነት ተቃወመ፤ በዓመቱ ናሽናል ሪቪው ላይ ዴቪድ ፍረም እነዚህን ሰዎች አገር የማይወዱ ወግ አጥባቂዎች ብሎ ጻፈባቸው። ቡካናን በ2008 ባወጣው መጽሐፍ ራሱን ቸርችልን ተከራከረ፤ ያ ጦርነት አስፈላጊ አልነበረም አለ።

የጃኮብ ኤፕስታይን የእጅ ሥራ የሆነች አንዲት የቸርችል ሐውልት በዚህ መሀል የአገር ውስጥ ፖለቲካ መሣሪያ ሆናለች። ቡሽ በ2001 ከእንግሊዞች ተውሶ ቢሮው አኖራት፤ በኦባማ ዘመን ወጣች፤ ቦሪስ ጆንሰን በ2016 ይህን የኦባማ አባት ኬንያዊ ከመሆኑ ጋር አያይዞ ጽፎ ብዙ ሰው አስቆጣ። ትራምፕ መለሳት፣ ባይደን አነሣት፣ ትራምፕ በ2025 እንደገና መለሳት። እኔን የሚገርመኝ ትራምፕ ሐውልቷን የሚወድ የቡካናን ወገን መሆኑ ነው። በፌብሩዋሪ 2016 ሳውዝ ካሮላይና ላይ፣ የወታደር ቤተሰብ በሞላበት ክፍለ ግዛት፣ የቡሽን ወንድም ፊት ለፊት የኢራቅ ጦርነት ትልቅ ስሕተት ነበር አለው። ዐምደኞቹ አለቀለት አሉ። ከሳምንት በኋላ ምርጫውን አሸነፈ። ልጆቻቸውን የላኩት እናቶችና አባቶች ዐምደኞቹ ያላወቁትን ያውቁ ነበር። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የተከር ካርልሰን እንግዳ የዚያ ጦርነት ዋናው ክፉ ሰው ቸርችል ነው እስከ ማለት ደረሰ። ይህ በእኔ እይታ ከስሕተትም ያለፈ ነው፤ ሂትለርን ለማቅለል የተደረገ የታሪክ ማዛባት ነው።

ከአሜሪካ መሪዎች ኢትዮጵያን ያልረሳ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ወግ አጥባቂ አልነበረም። ሃሪ ትሩማን በጁን 1950 የኮሪያን ወረራ ሰምቶ ከሚዙሪ ወደ ዋሽንግተን በአውሮፕላን ሲመለስ ያሰበውን በማስታወሻው ጽፎታል፤ ማንቹሪያን፣ ኢትዮጵያን፣ ኦስትሪያን አሰበ። በዓመቱ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ደረሰ። የማኅበር ጥበቃ ማለት ምን እንደሆነ በጉድለቱ የተማረች አገር ልጆቿን ለሌላ አገር ላከች። ከትሩማን ወዲህ የመጡት ግን ዝርዝሩን አሳጥረው ሙኒክ ብቻ አስቀርተዋል። ሙኒክ ብቻውን ሲቀር ነገሩ የአንድ ፈሪ መሪ ታሪክ ይመስላል። ኢትዮጵያ ስትጨመርበት ግን ያሸነፈ ፓርቲ፣ ቃል የተገባለት መራጭ፣ የሚሰጋ የባሕር ኃይል፣ የሚያደላ ጋዜጣና በሩቅ አገር ያለ ሕዝብ አብረው ይታያሉ።

በኤፕሪል 20 ቀን 2024 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለዩክሬን 60 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚሰጠውን ሕግ 311 ለ112 አጸደቀ። የተቃወሙት 112 ሁሉ ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ የደገፉት ሪፐብሊካኖች 101 ነበሩ። የራሳችን ድንበር ሳይጠበቅ የሰው ድንበር አንጠብቅም ያሉት በቁጥር በዝተዋል። ሕጉን ለድምፅ ያቀረበው አፈ ጉባኤ ማይክ ጆንሰን ቀደም ሲል ለዩክሬን የሚሰጥ ገንዘብን በድምፁ የተቃወመ ወግ አጥባቂ ነው፤ ይህን ካቀረብክ ከወንበርህ እናወርድሃለን የሚሉ የፓርቲው ሰዎች ከበውት ነበር። ከድምፁ ሦስት ቀን በፊት ጋዜጠኞች ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ ጠየቁት። የአሜሪካ ልጆችን ከምልክ ለዩክሬን ጥይት ብልክ ይሻለኛል አላቸው። ልጁ በዚያው ዓመት መጸው የባሕር ኃይል አካዳሚ ሊገባ ነበር።